ገጽ አራት ላይ የገባች ይቅርታ

ሕግ የሚማር ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ችሎት ነው። ልጁ ጋዜጣም የሚያዘጋጅ ከሆነ ደግሞ ያ ችሎት ይግባኝ የለውም። አጋነንሽ የሚለኝ ሰው ካለ አገራችን መሐል ሜዳ መጥቶ እኛ ቤት አንድ ሳምንት ይሰንብት።

የኛዋ ክብርት ዋና አዘጋጅ ጽናት ትባላለች። ልጄ ሰርካለም የወለደቻት ናት። ሕግ ስትማር ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ተማሪዎቹ ራሳቸው ጽፈው የሚያወጡት «ደጀ ችሎት» የሚባል ባለ አራት ገጽ ጋዜጣ አላቸው፤ አለቃው እሷ ናት። ቁመቷ ከትከሻዬ አያልፍም።

ለዕረፍት ስትመጣ ቦርሳዋን ሳታወርድ ምርመራ ትጀምራለች። አንድ ጊዜ ሳላስብ «ጎረቤታችን ወዳጆ በጎቹን ገብሳችን ውስጥ ለቀቀብን» አልኳት።

«አይተዋል ወይስ ሰምተዋል፣ እማማ?»

«ኮቴውን አይቻለሁ።»

«ኮቴው የወዳጆ በግ መሆኑን በምን አወቁ? ሌላኛው ወገንስ ምን ይላል?»

ደብተሯን ይዛ ወዳጆ ዘንድ ሄደች። ስትመለስ ገብሱን የበሉት የራሳችን በጎች መሆናቸውን አረጋግጣ መጣች። ከዚያ ወዲህ ወዳጆ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር «እትዬ ጥሩሸዋ፣ ዳኛዋ መቼ ትመጣለች?» እያለ ይስቅብኛል።

ለቅሶ ላይም አትመለስም። አንዲት አልቃሽ የሟቹን ደግነት ስትደረድር፣ ክብርት ዋና አዘጋጅ ጠጋ ብላ «ምሳሌ ሊሰጡኝ ይችላሉ?» አለቻት። ሰርካለም ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። አልቃሿ ግን ምሳሌ ፈልጋ አጣች፤ ይህን ደግሞ ድንኳኑ ሁሉ ልብ ብሎታል።

ፊደል የቆጠርኩት ስድሳ ካለፈኝ በኋላ ነው። ትልልቁን ፊደል አነባለሁ፤ ከገብስ ፍሬ ያነሰውን ዓይኔ አይቀበለውም። ጽናት ጋዜጣዋን በሚኒባስ ትልክልኛለች፤ እኔም በገበያ ቀን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ዝተት፣ ከሚሸጡት መሐል ቁጭ ብዬ ርእስ ርእሱን ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ሰው ጸጥ ብሎ ሲያዳምጠኝ ደስ እንደሚለኝ አልክድም።

ባለፈው ዓመት የመጣችው አንዷ ጋዜጣ ታዲያ መጀመሪያ ገጿ ላይ እንዲህ ትላለች፦ «ስምንት የሕግ መጻሕፍት ከወይዘሮ ጌታነሽ እጅ ጠፉ።» በትልልቅ ፊደል ስለሆነ ሳልደናቀፍ አነበብኩት። የማንን ስም እንደጠራሁ የገባኝ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ጌታነሽ የነጽናት ተማሪ ቤት መጻሕፍት ጠባቂ ናት፤ የአገራችን ልጅ ናት። እህቷ ኮከቤ ደግሞ እዚያው ፊት ለፊቴ ዝተት ታጥፍ ነበር። ማጠፏን ተወችው።

ከዚያ በኋላ በየገበያው ኮከቤን «እህትሽ መጽሐፉን መለሰች?» የሚላት አልጠፋም። ቀልድ ነው ይላሉ። እሷ አትስቅም።

ወር ሊሞላ ሲል ኮከቤ ሌላ ጋዜጣ ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ ትልልቁን አነበቡልን። ትንሿንስ ማን ያንብብልን?»

ገጽ አራት ላይ፣ ከኳስ ጨዋታው ውጤት በታች፣ የጉንዳን ሰልፍ የሚመስል ነገር ይታየኛል። ሰርካለም ተቀብላኝ አነበበችው። መጻሕፍቱ አንድ መምህር ሳይፈርሙ ወስደዋቸው ኖሮ ቢሯቸው ውስጥ ተገኝተዋል፤ ለስህተቱ ይቅርታ እንጠይቃለን፣ ይላል። ያቺው ጋዜጣ ሁለት ሳምንት ሙሉ እኔም ቤት ተቀምጣ ነበር።

ጽናት ለፋሲካ መጣች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ጀመርኳት።

«አይተሻል ወይስ ሰምተሻል?»

«ምኑን፣ እማማ?»

«ጌታነሽ መጽሐፍ ስታጠፋ።»

ቀላች። «ተማሪዎች ነግረውን ነው። ግን እኮ እርማት አውጥተናል። የእርማት ቦታ ገጽ አራት ነው፣ ደንብ ነው።»

«ጉባኤ ፊት ሰው የሰደበ፣ ጓዳ ገብቶ ይቅርታ ሲል አይተሽ ታውቂያለሽ? ድንጋይ ተሸክሞ እዚያው ጉባኤ ፊት ነው የሚቆመው።»

«እሱ ሌላ ነው።»

«በምን ሌላ ሆነ? ስሟን ስታጠፉ ማንበብ ቻልኩ። ይቅርታችሁን ግን ማንበብ አልቻልኩም። ገበያው የሰማው እኔ ያነበብኩትን ነው።»

ያን ጊዜ እውነቱን አወጣችው። ጋዜጣው እንዲታተም የሚፈርሙት እኚያው መጻሕፍቱን የወሰዱት መምህር ናቸው። እርማቱ መጀመሪያ ገጽ ላይ ከወጣ አይፈርሙም።

«ጋዜጣው ይሞታል፣ እማማ።»

«ሌላኛዋ ወገንስ ምን ትላለች?» አልኳት። «ጠይቀሻታል?»

አልጠየቀቻትም። በዓሉን ሙሉ እኔንም ሌላውንም ምንም ሳትጠይቅ ከረመች፤ ቤቱ ጭር አለ።

ስትመለስ እርማቱን መጀመሪያ ገጽ ላይ አድርጋ አቀረበች። መምህሩ እንዳለችው አልፈረሙም። ጋዜጣው ቆመ፤ ጓደኞቿም ተቆጥተው ከአለቅነቷ አወረዷት። እሷ ግን ትልቅ ወረቀት ገዝታ፣ በማርከር በእጇ ጽፋ፣ የቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ለጠፈችው። ሁለተኛ ቅጂውን ጠቅልላ በሚኒባስ ለኔ ላከችልኝ። እያንዳንዱ ፊደል መዳፌን ያክላል።

በገበያ ቀን ሰርካለም አንዱን ጫፍ፣ ኮከቤ ሌላውን ጫፍ ይዘው ዘረጉት። እኔም ቆሜ አነበብኩ፦

«ወይዘሮ ጌታነሽ አንድም መጽሐፍ አላጠፉም። የጻፍነው ሐሰት ነበር። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ ጽናት።»

ወዳጆ ከኋላ «አልሰማንም፣ ይደገም!» አለ። መስማቱን አውቃለሁ። ደገምኩት።

ጌታነሽ ዕረፍት ወስዳ እህቷ ዘንድ መጥታ ኖሮ፣ ከዝተቱ ክምር ኋላ ቆማ ታዳምጥ ነበር። ወደኔ መጣች።

«በሩ ላይ ስትለጥፈው አይቻታለሁ» አለችኝ። «ሊቀድዱት ይሞክራሉ ብላ ነው መሰል ግማሽ ቀን አጠገቡ ቆማ ዋለች። የሚስቅባት ነበር። የመሐል ሜዳ ልጅ ናት አሉኝ፤ ኮከቤ እርስዎን ጠይቂ አለችኝ። የማን ልጅ ናት፣ እማማ?»

«የኔ» አልኳት።

ሰርካለም የወረቀቱን ጫፍ እንደያዘች ዞራ አየችኝ።