የሻምበል መንገሻ «አይሆንም»

ሐበሻ በተሰበሰበበት አገር ሁሉ አንድ ሻምበል አይጠፋም። ቶሮንቶ ብትሄዱ አለ፤ ካርቱም አለ፤ ሦስት ሐበሻ ብቻ በሚኖርበት የበረዶ ከተማ እንኳ አንደኛው ሻምበል ነው፣ ሁለቱ ተሰላፊ። የኦክላንዱ የኛው ነበሩ፤ ክቡር ሻምበል መንገሻ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ዩኒየን ሲቲ ፒክኒክ ስንወጣ ፊሽካ እየነፉ መኪናችንን በመስመር ያስቆሙን ነበር። ባለፈው ገና ሰሞን ካረፉ ወዲህ እንደ ፍየል በየጥጉ ተበትነን እናቆማለን። የሚቆጣን የለም፤ ደስም አይልም።

ሻምበል ወጣትነታቸውን በጦር ሠራዊት፣ ጎልማሳነታቸውን በባንክ ያሳለፉ ሰው ናቸው። በንጉሡ ዘመን ኦጋዴን ተዋግተው ሁለት ሜዳይ ተሸለሙ፤ ኋላ ደሴ ላይ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ዘመን ሲገለባበጥ በሱዳን በኩል ወጥተው ኦክላንድ ሲገቡ፣ አሜሪካ አንድ ባንክ መስኮት ላይ ገንዘብ ከፋይ አድርጋ አስቀመጠቻቸው። ሰው «አይ ሻምበል፣ ከሥራ አስኪያጅነት!» ብሎ ከንፈሩን ሲመጥላቸው፣ «መስኮትም ምሽግ ነው» ይሉ ነበር። ልጃቸው የሚሆነው ወጣት አለቃ «ማይክ» እያለ ይጠራቸዋል። እሳቸው በተጠሩ ቁጥር ብድግ ብለው «አቤት ጌታዬ» በእንግሊዝኛ። በወሩ አለቃየውም እሳቸውን ሲያይ ብድግ ማለት ጀመረ።

በዚያ መስኮት ላይ ዝምድና አይሠራም። «እሜቴ፣ ፊርማዎ ከባለፈው ጋር አይመሳሰልም፤ ተረጋግተው ይድገሙት» ይላሉ። የገዛ ባለቤታቸውን የወርቅውሃን መታወቂያ የጠየቁ ሰው ናቸው።

«ሻምበል፣ ዛሬ ጠዋት ቁርስ ያበላሁዎት እኮ እኔ ነኝ» አለቻቸው።

«እሱን እኔ አውቃለሁ። ባንኩ ግን አያውቅም።»

ሰዓት ላይማ አይጣል ነው! ሠርጉ በአሥር ሰዓት ነው ከተባሉ በአሥር ሰዓት በር ያንኳኳሉ። ባለሠርጎቹ ገና ፀጉራቸውን በቢጉዲን ጠቅልለው፣ በባዶ እግራቸው ይራወጣሉ። የወርቅውሃ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ትመርጣለች፤ ሻምበል ግን ኮታቸውን አውልቀው ፊኛ ይነፋሉ። በዚያ ዘመን ኦክላንድ ያገባ ሰው ፊኛውን ማን እንደነፋለት ቢጠይቅ መልሱ አንድ ነው።

ይህ ሁሉ የውጭው ሻምበል ነው። እቤት የአንድያ ልጃቸውን የፅጌረዳን የነርስነት ዩኒፎርም የሚተኩሱት እሳቸው ናቸው። የወርቅውሃን አዛውንቶች ወደምትንከባከብበት ካስትሮ ቫሊ ያደርሷታል፤ ስትወጣም ሁልጊዜ ቀድመው ቆመው ታገኛቸዋለች። እመጣለሁ ካሉ ይመጣሉ፤ አይሆንም ካሉ አይሆንም። ይህን የማያውቅ ሐበሻ ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ አልነበረም። ጣጣው የመጣውም ከዚሁ ነው።

በሰማንያ አራት በፈረንጁ፣ ፅጌረዳና ዘነበ የሚባል የሳን ሆዜ ልጅ ተዋደዱ። ዘነበ በኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ወላጅ የሌለው፣ ብቻውን በሱዳን የመጣ ልጅ ነው። ሽማግሌ ይላክ ተባለ። ደግ፤ ግን ያኔ ከስደት የመጣው ሁሉ ጎረምሳ ነው፤ ሽማግሌ ከየት ይምጣ? ገና በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ፀጉሩ የሸበተው ታክሲ ነጂ ጌታቸው ለሽበቱ፣ የኮሌጅ ተማሪው ተክለጻድቅ ደግሞ ሙሉ ልብስ ስላለው ተመረጡ። ሦስተኛው ሺፍት ገጥሞት ቀረ።

እሁድ ዕለት ዘግይተው መጡ። ሻምበል ሰዓታቸውን አዩ። ሁለቱ እንደ ደንቡ «አንቀመጥም» ብለው ቆመው ጉዳያቸውን ተናገሩ። ሻምበልም እንደ ደንቡ «አይሆንም! ልጄ ገና ሕፃን ናት» አሉ። ሕፃኗ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ትሰማለች። መቼም የሴት ልጅ አባት መጀመሪያ ይከለክላል፤ ሽማግሌ ተመልሶ ይለምናል፤ በሁለተኛው ባይሆን በሦስተኛው ይሰጣል። ገና በመጀመሪያው ቀን «ውሰዱ» ያለማ ልጁን አቃለላት ማለት ነው። የወርቅውሃ ይህን ስለምታውቅ ለሚቀጥለው እሁድ ቢራና ለስላሳ አስገባች።

እሁድ መጣ፤ ሽማግሌ የለም። ሻምበል ተላጭተው፣ ከረባት አስረው፣ በመስኮት ሲያዩ ዋሉ። «መንገድ ተዘጋግቶባቸው ይሆናል» አሉ። በቀጣዩም እሁድ ተላጩ። ማምሻውን ፅጌረዳ ዓይኗ አብጦ ከክፍሏ ወጣች።

«ዳዲ፣ አይመጡም። ዘነበ ወደ ሲያትል ሙቭ ሊያደርግ ነው።»

«ምን ሆኖ? ማን ሂድ አለው?»

«አንተ ነህ! አይሆንም አልክ እኮ።»

«ለደንቡ ነዋ!»

«ደንብ ነው ብዬ ነገርኩት። ጌታቸው ግን ‹ሻምበል አይሆንም ካሉ አይሆንም ነው፤ ደግመን ብንሄድ ያስሩናል› ብሎታል። ዘነበም ‹አባት ኖሮኝ አያውቅም፤ የአባት ቃል ግን አልጥስም› አለኝ። ሂ ቢሊቭድ ዩ፣ ዳዲ! ቃልህን አመነ!»

ሻምበል ከረባታቸውን ፈተው ጠቀለሉ። የወርቅውሃ ባሏን እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም፤ አንጀቷን በሏት።

«እኔ ኮል ላድርግለት?» አለች።

«በስመ አብ! የሴት ልጅ ወላጅ ‹ና ውሰድልኝ› ብሎ ይደውላል? ልጄን ላዋርዳት?»

«ታዲያ እያለቀሰች ትቅር?»

ደንቡን ቢያፈርሱ ልጃቸውን ያዋርዳሉ፤ ቢያከብሩ ልጃቸው የወደደችውን ታጣለች። ሰውየው ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወርድ አላቸው።

ቅዳሜ ዕለት መኪናቸውን አስነስተው ወጡ። ወዴት እንደሆነ አልተናገሩም። ሲመለሱ ግን እራት በሉ። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተላጩ፣ ከረባታቸውን አሰሩ፣ «መጣሁ» ብለው ወጡ።

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደወል ተደወለ። የወርቅውሃ ብትከፍት ጌታቸውና ተክለጻድቅ ቆመዋል። ከፊታቸው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሻምበል።

«ምነው፣ ቁልፍ ረሱ?»

«እንደምን ዋሉ፣ ወይዘሮ የወርቅውሃ» አሉ ሻምበል፣ እጅ ነስተው። «ለጉዳይ ነው የመጣነው። ለልጁ አንድ ሽማግሌ ጎድሎት ነበር፤ እኔ ሞላሁለት።»

ሳቋ መጣ፤ ፊታቸውን ስታይ ግን ዋጠችው። ሰውየው ቀልድ ላይ አይደሉም። አስገባቻቸውና ተቀመጡ አለች።

«አንቀመጥም» አሉ ሻምበል። ማንም የማይደፍረው የገዛ ወንበራቸው ባዶውን አጠገባቸው አለ። ቆመው ልጁን አመሰገኑ። ሠራተኛ ነው፣ አንደበቱ ቁጥብ ነው፣ ቃል ያከብራል፣ «እንዲያውም ያበዛዋል» አሉ።

አሁን ገባት። ለካስ መልሱን የምትሰጠው እሷ ናት።

«የልጅቷ አባት እኮ አይሆንም ብለው ነበር» አለች።

«ሰምተናል። ክፉ ሰው ናቸው አሉ።»

«ክፉስ አይደሉም» አለች የወርቅውሃ። «ግትር ናቸው እንጂ።»

ጌታቸው ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሎ ቀረ።

«ለመሆኑ ልጁ የማን ልጅ ነው?»

ሻምበል ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «አባቱ ሕፃን ሳለ ነው የሞቱበት። ትናንት ሳን ሆዜ ሄጄ ጠየቅሁት፤ እሺ ብሎኛል። የኔ ልጅ ነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን «ታዲያ እህቱን ሊያገባ ነው እንዴ?» ትላቸው ነበር። እንባዋ ቀደማት። ከመጋረጃው ጀርባም ፅጌረዳ ስትንሰቀሰቅ ይሰማል።

«ሰጥተናል» አለች የወርቅውሃ። «በሉ ተቀመጡ። ሻምበል፣ እርስዎም ይቀመጡ እንጂ፣ በሞቴ!»

ወንበራቸውን ሳብ አድርጋ አቀረበችላቸው። እሳቸው ግን አልፈውት ሄዱና ሶፋው ላይ፣ በጌታቸውና በተክለጻድቅ መሃል፣ ከወንዱ ወገን ተቀመጡ።