ዶኛ ኤዱቪሂስ ፊልሜን ሲያነቡ

በዚህ ዓለም ሐኪም ቤት ወረፋ ይዞ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ዶኛ ኤዱቪሂስን፣ እኚህን እሜቴ፣ የማያውቃቸው እሱ ብቻ ነው። የቀረነውን ገና ስማችን ሳይጠራ መርምረው፣ ፈርደው፣ ምግብ ከልክለው ጨርሰውናል።

በኮሎምቢያዋ ባራንኪያ ከተማ ባለው የራስ ምታት ክሊኒክ፣ መስኮቱ ሥር ያለችው ወንበር የእሳቸው ናት። ማይግሬን ሠላሳ አራት ዓመት አሠቃይቷቸዋል፤ ይህንንም እንደ ማዕረግ ነው የሚናገሩት። እኛ ታካሚዎች የኤም አር አይ ፊልማችንን በትልቅ ፖስታ ተሸክመን ነው ሐኪሙ ፊት የምንቀርበው። ክብርት ሐኪማችን ዶኛ ኤዱቪሂስ ደግሞ ያልተከፈተ ፖስታ ሲያዩ አያስችላቸውም።

የአንድ ሹፌር ፊልም ገልብጠው ይዘው «አይብ ተው!» አሉት። አንዷን አስተማሪ «ራስ ምታትሽ አማትሽ ናት» ብለዋት፣ ቤቷ አንድ ወር ሙሉ ኩርፊያ ሆነ። የጉልበት ራጅ ይዞ በስህተት የገባውን ሰውዬ እንኳ ሳያክሙ አላሰናበቱትም። ለሚጠራጠራቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «ዶክተሩ የተማረው በመጽሐፍ፣ እኔ በገዛ ጭንቅላቴ!»

ባለፈው ማክሰኞ ተረኛዋ እኔ ሆንኩ። ከፊልሜ ጋር የመጣው ወረቀት «በነጩ የአንጎል ክፍል ላይ ትንንሽ ነጭ ነጥቦች ታይተዋል» ይላል። እናቴ የሞተችው ስሜን ረስታ ነው። እኔ ደግሞ ጋዜጣ ላይ ጽፌ አዳሪ ነኝ፤ አንድ ቃል በጠፋኝ ቁጥር አበቃልኝ እል ጀመር። በጣም ፈርቼ ነበር።

«ኔሬይዳ፣ አምጪው እስቲ» አሉኝ።

«ዶኛ፣ ይተዉኝ። ዛሬ ቀልድ አላሰኘኝም።»

«ማን ቀለደ? አምጪ አልኩሽ!»

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ፊልሙን ወደ ብርሃኑ አንስተው ነጥቦቹን ቆጠሩ።

«ሰባት። እኔ አስራ አንድ አለኝ። የዛሬ አስራ ስምንት ዓመትም አስራ አንድ ነበረኝ። ይኸው የሃያ ስድስት የልጅ ልጆቼን ልደት ከነሰዓቱ እነግርሻለሁ። ማይግሬን የያዘው ሰው ላይ ይታያል፣ ምንም አትሆኚም። በቃ!»

ስሜ ተጠርቶ ስገባ፣ ሐኪሙ ዶክተር ሳልሴዶም ያንኑ ነገረኝ፤ ሳይጮህ። እንዲህ ያሉ ነጥቦች ማይግሬን ባለባቸው ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ ይታያሉ፣ የእናቴም በሽታ ምልክት አይደሉም፤ ራስ ምታቱን ግን አዲስ መድኃኒት እንሞክርለታለን አለ። ወረቀቱን ካነበብኩ ከሳምንት በኋላ ገና ያን ጊዜ በደንብ ተነፈስኩ።

ስወጣ ዶኛ ኤዱቪሂስ እዚያው ናቸው፤ መቁጠሪያቸው ጣታቸው ላይ ተጠምጥሟል።

«ምን አለሽ?»

«እርስዎ ያሉትን።»

ክብርት ሐኪማችን ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው አለቀሱ። «ተመስገን! ተመስገን ልጄ! የራሴን አስራ አንድ አውቃለሁ፤ ያንቺን ግን እኔ ከየት አውቄ? ፊትሽ ቢያስፈራኝ ነው እንጂ እንዲያ ያልኩሽ!»

ነርሷ በሩ ላይ ብቅ አለች። «ዶኛ፣ እሷ ሳትወጣ አልገባም ብለው ተራዎን ሁለቴ ለሰው ሰጡ። አሁንስ ይገባሉ?»

ክንዳቸውን ይዤ አስነሳኋቸው፤ ፖስታቸውን ተሸክሜም አብሬያቸው ገባሁ።