ሳንባ፣ ሌላ የለም

በየሰፈሩ ምንም ነገር የማይጨምር አንድ ሰው አለ። ሻይ ላይ ስኳር አይጨምርም፣ ሰላምታ ላይ «ቤተሰብስ?» አይጨምርም፣ ሙገሳ ላይማ ጭራሽ! ለእኛ ለአሰላዎቹ የደረሱን ክብርት እትዬ አልጣሽ ናቸው።

ጎረቤታችን ናኢማ አዲስ ሶፋ ገዝታ «እትዬ፣ እንዴት ነው?» ብትላቸው «በር ይዘጋል» አሉ። እኔም አንድ ጊዜ ጋዜጣ ላይ የወጣልኝን ጽሑፍ በኩራት ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡና «ረዝሟል» ብለው መለሱልኝ። ሦስት ቀን አኮረፍኳቸው። እሳቸው ማኩረፌንም አላወቁ።

እኚህ ሴት ለውሻ የሚሰጥ ቋንጣ ይሠራሉ። ከሥጋ ቤት የበሬ ሳንባ ያመጣሉ፣ ያጥባሉ፣ ይዘለዝላሉ፣ ምድጃ ውስጥ ያደርቃሉ። በቃ። ጨው ቢሏቸው «ውሻ ነው»፤ በርበሬ ቢሏቸው «ውሻ ነው ስልህ!» ምን ምን አለው ብሎ ለጠየቀ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ሳንባ። ሌላ የለም።» የሰፈሩ ውሻ ሁሉ የሚውለው እሳቸው ደጅ ነው። የእኔው ቡቺ ጭምር፣ ያ ከሃዲ!

አዳማ ያለ አንድ ሱቅ ቋንጣውን ወዶ፣ እስከ ዓርብ ፈቃድ ካመጡ በየሳምንቱ እንደሚወስድ ነገራቸው። እኔ ጸሐፊው ታዲያ ለማሸጊያው «ከአርሲ ደጋ የተመረጠ፣ ተወዳዳሪ የሌለው፣ ልዩ ጣዕም ያለው የበሬ ሳንባ» ብዬ ጻፍኩላቸው። እስክሪብቶ አንስተው ሰረዙት። የተረፈው «የበሬ ሳንባ» ብቻ ነበር።

ጉዱ የመጣው ከፈቃዱ ቅጽ ነው። ግብዓት የሚሞላበት ሰባት መስመር አለው፤ እትዬ አልጣሽ የሞሉት አንዱን ብቻ። የፈቃድ ቢሮው ሠራተኛ ሙንተሲር፣ እጅግ ትሑት ሰው፣ ሁለት ጊዜ መለሳቸው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አብሬያቸው ሄድኩ።

«እማማ፣ ስድስት መስመር ባዶ ነው። ያልተሟላ ቅጽ ላይ ማኅተም አልመታም። ትንሽ ጨው እንኳ ቢጽፉ?»

«ያልጨመርኩትን?»

«ለቅጹ ያህል ነው።»

«የሚበላው ቅጹ ነው ውሻው?»

ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። እስክሪብቶውን ወደ ሁለተኛው መስመር አስጠጉ። ቢሮው ሊዘጋ ነው፤ ጨው ሊጽፉ ነው ብዬ ከልቤ ደነገጥኩ። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ።

«እትዬ፣ ሁልጊዜ የሚሉትን ይጻፉት።»

ትንሽ አሰቡና ጻፉ። ሙንተሲር ቅጹን ተቀብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፦ «አንድ፣ የበሬ ሳንባ። ሁለት፣ የለም። ሦስት፣ የለም...» አራተኛው ላይ ሰልፈኛው አብሮት «የለም!» አለ። ሰባተኛው ላይ ቢሮው በጩኸት ተናወጠ። ባዶ መስመር ከየት ይምጣ? ቅጹ ጢም ብሎ ሞልቷል! ሙንተሲር «ቶሌ!» ብሎ ተስማማና ማኅተሙን ዷ አደረገው።

ውጭ ባጃጅ ስንጠብቅ እትዬ አልጣሽ ፈቃዱን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጎበዝ ነህ» አሉኝ።

«ግን» የምትለዋን ጠበቅኩ። ባጃጁ መጣ፣ ተሳፈርን፣ ሰፈር ደረስን። «ግን» አልመጣችም። ዕድሜ ልኬን የሰማሁት ሙገሳ ሁሉ ተደምሮ ይህችን አያህልም።

ቡቺ ከሩቅ አይቶን እየሮጠ መጣ። እኔን አልፎኝ እሳቸው እግር ሥር ተንከባለለ። አልፈረድኩበትም።