አቶ ወንዳፈረው ዘንድ ብቻ የሚከፈተው አድራሻ

ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ወረቀት በክብር የተሸኘበት ዕለት ታሪካዊ ነበር። የመምህራን ዝውውር ኃላፊው አቶ ወንዳፈረው፣ የምክትልነቱን ወንበር በሕልማቸውም በውናቸውም የሚያዩት ታላቅ ሰው፣ የዝውውር ውሳኔውን ኮምፒዩተራቸው ላይ አስቀምጠው ለየትምህርት ቤቱ አድራሻውን ብቻ በቴሌግራም ላኩ። አድራሻው «ፋይል» ብሎ ይጀምራል፤ ሦስት ዘንበል ያሉ ሰረዞች ይከተላሉ፤ ከዚያ «ሲ» ብሎ ኮምፒዩተራቸው ሆድ ውስጥ ይገባና «ወንዳፈረው» በሚለው ፎልደር አልፎ «አዲስ ዝውውር» ላይ ይደርሳል። በሁለቱ ቃላት መሀል ክፍተቱን ተክቶ የገባውን የፐርሰንት ምልክትና ሃያ ቁጥር እንኳ አልናቁትም፤ የሃያ በመቶ ዕድገት ብለው ሪፖርት አደረጉት።

ሲጫኑት ወዲያው ተከፈተላቸው። ለእሳቸው ከተከፈተ ለሕዝቡም ተከፈተ ማለት ነው።

መምህርት ትርፊት ከሾኔ እያለከለከች መጣች። ባሏና ገና ጡት የጣለ ልጇ ሆሳዕና ናቸው፤ የዝውውር ውሳኔውን እስከ ዓርብ ከፍታ ካላረጋገጠች ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

«ጋሼ፣ እኛ ጋ አይከፈትም እኮ!»

«እዚህ ይከፈታል።» ተጫኑት። «አየሽ? ችግሩ የአመለካከት ነው።»

«ፋይሉ ያለው እርስዎ ኮምፒዩተር ውስጥ ነዋ! በቃ፣ እዚሁ ልየው።»

«በአካል ማየት ቀርቷል። ዲጂታል ሆነናል፣ እህቴ።»

ሆደ ሰፊ ናቸውና ግን መፍትሔ አላጡም። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በኮምፒዩተሩ ላይ «ወንዳፈረው»፣ በውስጡም «አዲስ ዝውውር» የሚል ፎልደር እንዲከፍት መመሪያ አወጡ። ከሾኔ እስከ ሞርሲቶ ወንዳፈረው ያልገባበት ኮምፒዩተር ጠፋ።

ትርፊት ደወለች። «ጋሼ፣ ተከፈተ። ግን ባዶ ነው።»

«ባዶነቱ ሌላ አጀንዳ ነው። ተከፍቷል ወይስ አልተከፈተም?»

«ተከፍቷል…»

«ጎሽ!»

መቶ በመቶ ተከፍቷል ተብሎ ለበላይ መሥሪያ ቤት ተላከ። ዓርብም አለፈ፤ የትርፊት ቦታ ለሌላ ሰው ሆነ።

የበላይ ኃላፊው አቶ ብዙነህ በአሠራሩ እጅግ ተደንቀው በሁሉም ቢሮ እንዲስፋፋ አዘዙ። የአቶ ወንዳፈረውንም የምክትልነት ሹመት በዚያው መንገድ ላኩላቸው፦ ፋይል፣ ሦስት ሰረዝ፣ «ሲ»፣ «ብዙነህ»፣ «ሹመት»። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከፍተው ካላረጋገጡ ይሰረዛል።

አቶ ወንዳፈረው ተጫኑ። እምቢ አለ። በገዛ መመሪያቸው መሠረት «ብዙነህ» የሚል ፎልደር ፈጠሩ፣ በውስጡም «ሹመት» የሚል። ተከፈተ፤ ውስጡ ግን ወና ነው። ላብ በላብ ሆነው ደወሉ።

«ጌታዬ፣ እኔ ጋ ምንም የለም!»

«እዚህ ይከፈታል» አሉ አቶ ብዙነህ።

«እንግዲያው ልምጣና እዚያው ልየው!»

«በአካል ማየትን እኮ እርስዎ ነዎት ያስቀሩት» ብለው ስልኩን ዘጉት።

አሥራ አንድ ሰዓት ሞላ። አቤቱታዋን ይዛ በር ላይ የቆመችው ትርፊት አንገቷን አስግጋ ስክሪኑን አየች።

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ ጋሼ» አለች። «ተከፍቷል።»