የባላምባራስ ቀጸላ ፊት ከጥላሸት ስለ ወጣበት ቀን

ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገብተው በየካ ሰማይ ሥር በቀን እህል የሚቀምስ ሰው ብርቅ በሆነበት ዓመት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ መጋቢት፣ የጥጥ እመቤት፣ የጥላሸት ጠላት፣ የአጉሊ መነጽር ባለቤት ፀደንያ በቅርስ ጥበቃው መሥሪያ ቤት በሥዕል ጥገና ወንበር በተቀመጡ በሦስተኛው ዓመት፣ ይህ ሆነ።

መሥሪያ ቤቱ፣ «ሕዝቡ ቅርሱ እንዴት እንደሚጠገን መጥቶ በዓይኑ ይይ» ሲል አዋጅ አስነግሮ ነበርና፣ በእንጦጦ ግርጌ ባሕር ዛፍ በከበበው የጥገና ክፍል ደጃፍ ሠራዊተ ጎብኚ ተሰበሰበ። ከኮተቤ የመምህርነት ተማሪዎች ስልካቸውን እንደ ጦር አንሥተው፣ ከወሰን ጋራዥ መካኒኮች ግሪሱ ከእጃቸው ሳይለቅ፣ ከየካ እናቶች ጥላቸውን ዘርግተው መጡ። ከሁሉም ኋላ ዘንቢል አንጠልጥለው የገቡት ግን እማማ ወለተጊዮርጊስ፣ የሥዕሉ ባለቤት፣ ነበሩ።

ሥዕሉም የአያታቸው የባላምባራስ ቀጸላ ሲሆን፣ ዕድሜውን ሙሉ በማድ ቤት ግድግዳ ተሰቅሎ ጭስ ሲጠጣ ኖሮ፣ ሰው ይሁን የበር ሳንቃ የማይለይ ሆኖ ነበር። እማማም በሠራዊቱ ፊት እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ስሚኝ ልጄ። ዓመት ሙሉ ‹ቀስ እያልን ነው› ስትሉኝ ከረማችሁ። ዛሬ የአያቴን ፊት ካላሳየሽኝ ይዤው እሄዳለሁ። ሎሚም ሳሙናም ይዣለሁ፤ ድስቴን ያጸዳ አያቴን አያቅተውም።»

ፀደንያ ግን ሎሚ የበላው ቀለም ተመልሶ እንደማይመጣ ያውቁ ነበር። ጥጥ በቀጭን እንጨት ጠምጥመውም አወጁ፦ «እማማ፣ እንዲህ ያለውን ጥላሸት ቀለሙን ሳይጎዳ የሚያነሣው የሰው ምራቅ ነው። ጥግ ላይ ሞክሬዋለሁ። ትንሽ ይታገሡኝ።»

ጥጡን ወደ አፋቸው ባቀረቡ ጊዜ ግን ምራቅ አልተገኘም። ሰዓቱ ሰባት፣ ጾማቸውም እስከ ዘጠኝ ነበርና፣ አፋቸው በጋ እንደ መታው ምንጭ ደርቆ ነበር። ወደ ባልደረባቸው ወደ ሀሚድ ዘወር ቢሉ ሀሚድ፣ «እኔን አትዪኝ እህቴ፣ የእኔማ እስከ መግሪብ ነው» ብሎ አወጀ። ከመካኒኮቹም አንዱ፣ «ቤንዚን ላምጣ እንዴ? ሞተር እንኳን ያጸዳል» ሲል አወጀ፤ ተወገዘም።

እማማ ወለተጊዮርጊስም ትዕግሥታቸው አልቆ፣ ከዘንቢላቸው ቢላዋ መዘው ሎሚውን ለሁለት ሰነጠቁት። ወእምዝ ድንቅ ነገር ሆነ። ሽታው ክፍሉን በሞላ ጊዜ የሠራዊቱ ጉሮሮ ሁሉ በአንድነት ዋጠ፤ ሀሚድ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ በፀደንያም አፍ የደረቀው ምንጭ ፈለቀ። ሥዕሉን ሊያጠፋ የመጣው ሎሚ ለሥዕሉ ውኃ ቀዳለት። ፀደንያም ጥጡን አርሰው በባላምባራስ ጉንጭ ላይ ያንከባልሉት ጀመሩ።

እማማ ግን አይተው ተቆጡ፤ እንዲህም ሲሉ አወጁ፦ «ነውር ነው። ምራቅ ትልቅ ሰው ነው ለትንሹ የሚተፋው፣ እንትፍ ብሎ ሲመርቅ። አንቺ ለጋ ልጅ የባላምባራስን ፊት ምራቅ ትቀቢያለሽ? በቃ፣ አምጪው።» እጃቸውንም ወደ ሥዕሉ ሰደዱ።

ፀደንያ አንገታቸውን ደፍተው ማንከባለላቸውን አልተዉም። ጥጡ ጠቆረ፤ ሌላ ተተካ፤ እርሱም ጠቆረ። በሦስተኛው ጥጥ ጠይም ጉንጭ ወጣ፤ ከጉንጩም አጠገብ ገና ያቆጠቆጠ ሪዝ፣ ሠዓሊውን የፈራ የሚመስል ዓይንም ተገለጠ። ሥዕሉ ማዕረጉ ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት የተሣለ ኖሯልና፣ ሽበታም ሽማግሌ ሲጠበቅ የወጣው ጎረምሳ ነበር።

የእማማ እጅ በአየር ላይ ቀረ። «ይሄማ ልጅ ነው» አሉ፤ ይህ ግን አዋጅ አልነበረም፣ ለራሳቸው ነው ያሉት። «የልጅ ልጄ እንኳ ይበልጠዋል።»

ከዚያም አዲስ ጥጥ ከፀደንያ ተቀብለው፣ ሎሚው ለእርሳቸውም ሠርቶላቸው ነበርና፣ አርሰው፣ በሌላው ጉንጭ ላይ በቀስታ እያንከባለሉ፣ «እንትፍ፣ እንትፍ። እደግ፣ ተመንደግ የኔ ልጅ» ብለው አያታቸውን መረቁ።

ሥዕሉም በዚያው ቀረ። ሎሚው በመስኮቱ ደፍ ላይ በክብር ተቀመጠ፤ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆንም የሚያየው ሁሉ ዋጠ። እንግዲህ ከየካ እስከ እንጦጦ ራስ ያለ ጥላሸት ይንቀጥቀጥ፤ የፀደንያ ጥጥ አይለቅ፣ ምንጫቸውም በጾም በፍስክ አይንጠፍ፤ አያታቸውን ላሳደጉት ለእማማ ወለተጊዮርጊስም ዕድሜ ይጨመርላቸው።