ሁለት አስ የሚጠብቀው መምህር

ጥሩ ካርታ ካልመጣለት የማይጫወት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔስ ሰልችቶኛል። ጊምቢቹ ከተማ አብሮኝ የሚያስተምረው መምህር ላጲሶ እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ስድስት ሆነን ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ እንጫወታለን፤ መጀመሪያ ከሚደርሱን ሁለት ካርታዎች ምርጡ ሁለት አስ ነው። የምናስይዘው ባቄላ ነው። ገንዘብ ቢሆን ቁማር ይባል ነበር፤ በባቄላ ግን ኅሊናችን ንጹሕ ነው። አሸናፊው ዶሮ ይወስዳል።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለቱ ባቄላቸው አለቀ፣ አንዱ ለኳየር ልምምድ ተጠራ። እኔ፣ ላጲሶና ሲስተር አበበች ቀረን። በየዙሩ ካርታ ሳናይ አንዳንድ ባቄላ እናስቀምጣለን። ላጲሶ ካርታውን ያያል፣ ይተክዛል፣ ይጥላል፤ ባቄላውን ሌላው ይበላል።

«ኧረ መምህር፣ ስድስት ሆነን የምንጥለው ካርታ እኮ ሦስት ስንሆን ያሸንፋል!» አለችው ሲስተር።

«ሲስተር፣ ትዕግሥት ነው። ሁለት አስ ይመጣል።»

የመጨረሻዋን ባቄላ ባስቀመጠበት ዙር እውነትም መጣ! ላጲሶ «ተመስገን!» ብሎ ብድግ አለ። እኛም ደስታውን አይተን ካርታችንን ጣልን። ሦስት ባቄላ በላ። ሌላ ሁለት አስ ሲጠብቅ በሦስት ዙር ጨረሳት። ዶሮዋን ሲስተር ወሰደች።

ከላጲሶ ጋር ወደ ቤት ስንሄድ «ሰው በመጣለት ይጫወታል እንጂ» ብዬ መከርኩት።

«አንተስ? የዳምቦያን ዝውውር እምቢ አልክ፤ የሀደሮንም እምቢ አልክ። ሆሳዕና ከተማን ስትጠብቅ ስንት ዓመትህ ነው?»

ደክሞኝ ስለነበር ብዙ አልተከራከርኩም።

«ሆሳዕና ይመጣል» አልኩት።