ሳፖርቷ ያለቀ መኪና ይዞ ሽምግልና

ዛሬ ሳልፈልግ የሰው ሠርግ ቀን ቆርጬ መጣሁ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ!

አንድም ቃል ሳልናገር። በመኪናዬ።

እንደ ልማዴ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ሞተርና ካምቢዮ (የማርሹ ሳጥን) የሚቀመጡት ሳፖርት በሚባሉ ጎማ ያላቸው ድጋፎች ላይ ነው። ሥራቸው የሞተሩ መንቀጥቀጥ ተሳፋሪው ዘንድ እንዳይደርስ ማድረግ ነው። የእኔዋ አሮጌ ደብል ጋቢና ሳፖርቶች ጎማቸው አልቋል። ስትሄድ ደህና ናት። ቆማ ሞተሯ ሲሠራ ግን ውስጧ ያለው ሁሉ ይናጣል። ማርሽ ሳስገባማ አንድ ሰው ከሥር በመዶሻ የመታት ይመስላል!

ሁለት ጋራዥ ጠየቅኩ። ሁለቱም «ሳፖርቱን ቀይር» አሉኝ። ጋዜጠኛ አይደለሁ? ሦስተኛ ምንጭ ልጠይቅ ብዬ ቆየሁ።

(ስንፍናውን በሙያው ስም የሸፈነ ሌላ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።)

ወደ ዛሬው እንምጣ። የእህቴ ልጅ የጤና ባለሙያ ነው። ቆላ አገር ተመድቦ በቅርቡ ይሄዳል። ምኞቱ አንድ ነው፦ ዐቢይ ጾም ሳይገባ አግብቶ ሚስቱን ይዞ መሄድ። ጾም ከገባማ እስከ ፋሲካ ሠርግ የለም።

አደራው ግልጽ ነበር። «ጋሼ፣ ከፋሲካ በኋላ ቢሏችሁ እሺ እንዳትሉ!»

ጠዋት ከመሐል ሜዳ ሦስት ሽማግሌዎች አሳፍሬ ዘመሮ ወደ ልጅቷ ቤተሰብ ሄድኩ። አንዱ የንስሐ አባታችን ናቸው።

የልጅቷ አባት ልጃቸውን ለመስጠት ባለፈው ፈቅደዋል። የቀረው ቀኑ ነው። እሳቸው ከፋሲካ በኋላ ይሁን አሉ፤ እኛ ከጾም በፊት አልን። ለመንን፣ ተከራከርን፣ እንደ ወጉም «እሺ ካልተባልን አንቀመጥም» ብለን ቆምን። በመጨረሻ «እስቲ ላስብበት» አሉን።

ለእኛ ይሄ ድል ነው!

ተሳፈርን። ሞተር አስነሳሁና ብርዱ ከባድ ስለነበረ ትንሽ ትሙቅ ብዬ ቆየሁ።

አባት ሊሸኙን እስከ መስኮቱ መጡ። ጎረቤቱም ሁሉ ተከትሏቸው ወጣ። እሳቸው ጎንበስ ብለው አራታችንንም አዩንና

«እንግዲህ አባቶች፣ ከፋሲካ በኋላ ይሁንልኝ?» አሉ።

አፌን ከመክፈቴ በፊት አራታችንም ራሳችንን ነቀነቅን።

ከላይ ወደ ታች። ደጋግመን! እኔማ መሪውን ስለያዝኩ ከሁሉም በላይ ተስማማሁ።

«እግዜር ይስጥልኝ! እንዲህ ነው ሽማግሌ!» በመስኮት እጃቸውን አስገብተው አንድ በአንድ ጨበጡን። ከኋላቸው እልልታው ቀለጠ።

ሞተሩን አጥፍቼ ዘልዬ ወረድኩ። «ኧረ አባቴ፣ የነቀነቀችን መኪናዋ ናት!»

«እኔ ከመኪና ጋር አላወራሁም» አሉ ረጋ ብለው። «የአራት ሽማግሌ ራስ ሲነቀነቅ አይቻለሁ። ሰፈሩም አይቷል።»

ዕድሜዬን ሙሉ የዓይን እማኝ ስፈልግ ኖሬ፣ ዛሬ መንደር ሙሉ እማኝ ተሰለፈብኝ።

ወደ ንስሐ አባታችን ዞርኩ። «አባ፣ እባክዎ ያስተባብሉ።»

«ምን ብዬ? ራሴን ነቅንቄያለሁ እኮ። በስተርጅና ልዋሽ?»

«ተገድጄ ነው ይበሏቸዋ!»

«በማን? በካምቢዮ?»

መንደሩ ሳቀ። ነገሩም እዚያው ተዘጋ። ሽማግሌ አንዴ እሺ ካለ ወደ ኋላ አይልም።

መንገድ ላይ ቆሜ ለእህቴ ልጅ ደወልኩ። የሆነውን በቅደም ተከተል ነገርኩት። ለእሱ ቀልድ አይደለም፤ እስከ ፋሲካ ቆላ ላይ ብቻውን ሊከርም ነው።

«እሺ ጋሼ» አለ። «ለሠርጉ ግን ሙሽራዋን በዚያች መኪና እንዳያመጧት።»

«ሳፖርቱን እኮ ነገ አስቀይረዋለሁ!»

«ቢሆንም። ቄሱ ትፈቅጃለሽ ወይ ሲሏት በራሷ እንድትነቀንቅ እፈልጋለሁ።»



ትምህርቱ ይኸው፦ ሰው ቁም ነገር ሳይጠይቃችሁ በፊት ሞተር አጥፉ። የእናንተዋ መኪናስ ሳታስቡት በምን አስማማቻችሁ?